የሜዳው ምርቃት

ይህን በሙሉ ለማንም አልተናገርኩትም። ባሌ ማሩ ሳይሰማው ሞተ። ባለፈው ሰሞን በሰፈራችን መሰብሰቢያ አዳራሽ ሰው ፊት ቆሜ ግማሹን ተናግሬአለሁ፤ ሰፈሩም ሰምቷል። ሌላው ግማሽ ግን እስከ ዛሬ እኔው ዘንድ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እጁ አይፈጥንምና ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ። አንባቢዬ፣ ስጨርስ ፍረድብኝ እንጂ መሐል ላይ አትዘንልኝ።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ ነው፤ ከባሕሩ ራቅ ብለው ከቆሙት አሮጌ ፎቆች በአንዱ። ከፎቆቹ በስተምዕራብ አንድ ሜዳ ነበረን። የእኛ ነው የሚል ወረቀት የለንም። ነገር ግን ሰው ሲሞት የልቅሶው ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነበር። የእኛ ልቅሶ በአንድ ቤት ሳሎን የሚያልቅ አይደለም። ወገን ከየከተማው አውቶቡስ ተከራይቶ ይመጣል፤ ከቴል ሞንድም ከቃዲማም በእግሩም በመኪናም ይጎርፋል። ያን ሁሉ ሰው ሜዳው ይችለው ነበር።

ማሩ የድንኳኑ ሰው ነበር። ፖሌግ ባለ ፋብሪካ ካርቶን ሲያሽግ ይውላል፤ መርዶ ከተሰማ ግን የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ምሰሶውንና ገመዱን ከምድር ቤት ያወጣል። ካስማውን የሚመታው እሱ ነበር። ለሌላ ሰው መዶሻ አይሰጥም። «ይህ አፈር ካስማ ይወዳል» ይል ነበር፣ ስለ ጥሩ በሬ እንደሚያወራ ሰው።

እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ፊደል የቆጠርኩ ወጣት ነበርኩና ዕብራይስጡን ቶሎ ያዝኩት። ሐኪም ቤትም ይሁን ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ፣ ሽማግሌ ሲጠራ እኔም እጠራለሁ። አፋቸው ነበርኩ። አፍ መሆን ምን ያህል ኃይል እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። በደንብ አውቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት አንድ የደንብ ረቂቅ መጣ። የየሰፈሩ ቆሻሻ በትንንሽ መኪና ተሰብስቦ አንድ ቦታ ይራገፋል፤ ከዚያ በትልቅ መኪና ተጭኖ ወደ ደቡብ፣ ወደሚቀበርበት ይሄዳል። ለማራገፊያ ከታሰቡት ቦታዎች አንዱ የእኛ ሜዳ ሆነ። ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ ተባለ። ሰፈሩም አባ ተገኘን ላከ። አባ ተገኘ በጎንደር ገጠር ደም ያደረቁ፣ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ጋር የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀበሉን። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ውኃ ሰጡን፣ ወንበር ሳቡልን። ነዋሪው አይሆንም ካለ ሌላ ቦታ እንደሚታይ ከመግቢያው ነግረውኛል። ይህን ልብ በልልኝ፤ ጥፋቱን የማካፍለው ሰው የለኝም።

አባ ተገኘ ለመናገር ተነሡ። በኮታቸው ላይ ነጭ ኩታ ደርበዋል። በዱላቸው ተደግፈው ነገሩን ከሩቅ ጀመሩት፤ ስለ ጠየቃችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን አሉ፤ ስለ ጎረቤትነት ተናገሩ፤ ቀጥለው ስለ ሞት። «የሞተብንን የምናለቅስበት ቦታ ነው። ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት ተነሥ አይባልም። ለጥራጊው ሌላ ስፍራ ፈልጉለት። ይኸስ አይሆንም» አሉ። ለማስተርጎም ዕረፍት አይሰጡኝም። ከሦስቱ አንዱ ስልኩን አየ። ሌላው ፈገግ አለ። እኔ አፈርኩ። በንግግራቸው መርዘም፣ በኩታቸው፣ በዱላቸው አፈርኩ። እኒያን ሁሉ ቃላት ሰብስቤ «ሜዳው ለልቅሶ ይጠቅመናል ይላሉ» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። «አይሆንም» የሚለውን ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። እውነቴን ነው፣ ልናገረው ነበር።

ግን አባ ተገኘ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አገራችንን የማያውቅ ይህን አይረዳም፤ ሸንጎ ያለ ምርቃት አይበተንም። የተስማማውም ያልተስማማውም ይመረቃል፤ ይልቁንም ያልተስማማኸውን ሳትመርቅ ከተነሣህ ነገሩ ቂም ይሆናል። «ዕድሜ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ። ልቦና ይስጣችሁ» አሉ። እኔ ተነሥቼ አሜን አልኩ። እኔን አይተው ሦስቱም ተነሡ። ፊታቸው በራ። ሽበት ያላት ሴትዮ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እና ተስማሙ ማለት ነው?» አለችኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። አይደለም ማለት ብቻ።

«እንዳያችሁት መርቀዋል» አልኩ።

ይህን አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ሴትዮዋ እጄን ጨብጣ፣ «እንዳንቺ ያሉ ቢበዙልን ሥራችን ምንኛ በቀለለ» አለችኝ። ስንመለስ በአውቶቡስ አባ ተገኘ ከጎኔ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ደኅና አድርገሽ ነገርሽልኝ?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«አፍሽ ይባረክ።»

ሜዳው ታጠረ። መኪኖቹ መጡ። ሰፈሩ የቢሮ ሰዎች ሽማግሌያችንን አልሰሙም ብሎ አማረረ። ቆይቶ ግን ሌላ ወሬ ከቢሮ በኩል ወጣ፤ ማሩም ከፋብሪካ ይዞት ገባ። እግሩን ሳይታጠብ ፊቴ ቆመ።

«አባ ተገኘ አይሆንም አልኩ ይላሉ። እነዚያ ደግሞ መርቀው ሰጡን ይላሉ። አንቺ ነበርሽ። ምን አሉ?»

«መርቀዋል» አልኩት።

እውነተኛ ቃል ነው። መርቀዋልና። በእውነተኛ ቃል መዋሸት እንደሚቻል ያን ቀን በገዛ ቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ ተማርኩ። ማሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቀኝም። አባ ተገኘንም አልጠየቃቸውም። ሽማግሌን ፊት ለፊት ዋሽተዋል ወይ ማለት እሱ ያደገበት አይደለም። አኮረፈ እንጂ። ሰላምታውን አሳጠረ፤ ለበዓል ሲጠሩት ሥራ አለብኝ ይላል፤ ከሩቅ ሲያያቸው በጆሮዬ፣ «መራቂው መጡልሽ» ይለኛል። እኔ ሰማሁ። በሰማሁ ቁጥር እንደገና ዋሸሁ።

ድንኳኑ ከዚያ ወዲያ መኪና ማቆሚያው ላይ ሆነ። አስፋልት ካስማ አይቀበልም። ማሩ ባዶ የቀለም ቆርቆሮዎች ለቅሞ በሲሚንቶ ሞላቸው፤ ምሰሶዎቹን በእነሱ አቆመ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ የማራገፊያውን ሽታ ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ሰው ለሟች እያለቀሰ አፍንጫውን ይሸፍናል። ማሩ ጥግ ላይ ቆሞ ያንን ሲያይ፣ እኔ ማሩን አየዋለሁ። ለምን ያኔ አልተናገርኩም? ሜዳው አንዴ ሄዷል፣ ብናገር ምን ይመለሳል እያልኩ። ባሌና አንድ ንጹሕ ሽማግሌ መታረቃቸው ምንም አይደለም ማለት ነው?

ባለፈው ክረምት ማሩ ልቡ ቆመ። ድንኳኑን ሌሎች ሰዎች ተከሉለት፤ በእሱ ቆርቆሮዎች ላይ። አባ ተገኘ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ዛሬ በጣም አርጅተዋል። አለቀሱለት። እንባቸውን ሲጨርሱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ምን እንዳስቀየምኩት ሳይነግረኝ ሄደ። አንቺ ታውቂ እንደሁ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባ» አልኩ። ባሌ ገና አፈር ሳይጠግብ።

ልጄ ኢላና ቃዲማ ነው የምትኖረው። ከልቅሶው በኋላ በየጊዜው እየመጣች ታየኛለች። አንድ ቀን ገና ከበሩ ስትገባ ጀመረች።

«ኢማ፣ የቆሻሻውን ደንብ ሊቀይሩት ነው። መቅበር እየቀረ ስለሆነ ቆሻሻ የሚለዩበት ቦታ ይፈልጋሉ። ሜዳውን ለዘለቄታው ሊወስዱት ነው። ነገ ማታ ስብሰባ አለ፤ ግን ስለ ቦታው መናገር አይቻልም፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ሽታው ብቻ ነው አሉ።»

«ለምን አይቻልም?»

«ነዋሪው ድሮ ተስማምቷላ። ሽማግሌው መርቀውታል እያሉ ነው። አባቴ ሁልጊዜ አባ ተገኘን የሚያማቸው በዚህ ነበር አይደል? ቤኤሜት፣ በእውነት ግን፣ እንዴት አንድ ሰው ሜዳ ይመርቃል?»

ያ አንድ ቃሌ አልሞተም ነበር። እኔ ሳረጅ እሱ እየሠራ ኖሯል። ዛሬም አፌን ከዘጋሁ ሜዳውን ለልጅ ልጆቼ ጭምር ይዘጋዋል።

«ነገ ትወስጂኛለሽ?» አልኳት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባ ተገኘ ከፊት ተቀምጠዋል። የምታስተረጉመው እዚሁ የተወለደች ወጣት ናት፤ ዕብራይስጧ እንደ ውኃ ይፈሳል። ተነሣሁ። በዕብራይስጥ መናገር እችል ነበር፤ የሰረቅሁት ከአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ መለስኩት። አባ ተገኘ አይሆንም እንዳሉ፣ እኔ ግን ተጠይቄ ምርቃታቸውን የስምምነት ቃል አድርጌ እንዳቀረብኩ ተናገርኩ። ዋሽቻለሁ አልኩ። ወጣቷ ወደ ሰብሳቢዋ ዞራ፣ ወይዘሮዋ በጊዜው የትርጉም ስሕተት ነበረ ይላሉ አለች።

«ስሕተት አላልኩም፣ የኔ ልጅ። ዋሽቻለሁ ነው ያልኩት። እንዳለ አድርሺው።»

ፊቷ ቀላ። ክፋት አልነበረባትም፤ ላሮጊት አዝና ነው። እኔም እንዲሁ በትንሹ ነው የጀመርኩት። ቃሉን እንዳለ ደገመችው።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ወይ ጉድ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አፍንጫችንን ይዘን ያለቀስነው ባንቺ ኖሯል?» አለች። አንዱ ሳቀ። ሌላው፣ «ተዉአት፣ ለእንጀራዋ ብላ ነው፤ ቋሚ ሥራ ፈልጋ» አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሰብሳቢዋ ከባልደረቦቿ ጋር ተንሾካሾከች። ቆይታ ስለ ቦታው ያለው አንቀጽ ከረቂቁ እንደሚወጣና ነዋሪው እንደ አዲስ እንደሚጠየቅ ተናገረች። አባ ተገኘ ይህ ሲተረጎምላቸው አልሰሙም መሰለኝ። እኔን ነበር የሚያዩት።

«ማሩ ያኮረፈኝ ለዚህ ነበር?»

«አዎ፣ አባ።»

«ደግ አደረገ» አሉ። «ሜዳችንን መርቆ የሰጠ ሰው መኮረፍ አለበት። እኔም ብሆን አኮርፍ ነበር።» ዱላቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «የኔን ትቼልሻለሁ። የሱን ግን እኔ ልተውልሽ አልችልም። ያን ቀን ልቦና ይስጣችሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ደረሰ። ባንቺ በኩል ዞሮ ስለመጣ ዘገየ እንጂ።»

ሰው ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ማሩ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ የቀረው ግማሽ ይህ ነው። በአዳራሹ ለእንጀራዋ ብላ ነው ሲሉኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ሌላ «መርቀዋል» ነበር። ለእንጀራ አልነበረም። ሥራዬን የሚነካብኝ አልነበረም። በአባ ተገኘ አፍሬ ነው። የእሳቸው ወገን መሆኔን ለአንድ አፍታ ልደብቅ ፈልጌ፣ እንዳንቺ ያሉ ቢበዙልን እንድባል ነው። ለእንጀራ ብሎ የበደለ የሚያመካኘው ረኃብ አለው። እኔ ምን አለኝ?

ምንም የለኝም። ሜዳው ይመለስልን እንደሆነም አላውቅም። ግን የማሩ ተዝካር ሳይደርስ እንደ አዲስ እንጠየቃለን፤ መዶሻውንም ከምድር ቤት አውጥቼ ዝገቱን ጠርጌለታለሁ። አባ ተገኘ ደግሞ ከአዳራሹ ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ «በሚመጣው የምታስተረጉሚልኝ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አባ?»

«ከዚህ ሁሉ በኋላማ ሰፈሩ በሙሉ አፍሽን እያየ፣ ምን ብለሽ ትዋሻለሽ?»

ስለዚህ እሄዳለሁ። ከሩቅ ይጀምሩ፤ የፈለጉትን ያህል ይቁሙ፤ ሰውም ስልኩን ይይ። እያንዳንዱን ቃል አደርሳለሁ። እጃቸውን ሲዘረጉም ተነሥቼ አሜን እላለሁ። ቀጥሎ የምናገረውን ወጥ ቤት ቆሜ በዕብራይስጥ አጠናለሁ። ማሩ፣ አንተም ባለህበት ስማው። መርቀዋችኋል። አልተስማሙም።