ሞተሩን ያዘዘችው ልጅ

ለነፍስ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይህችን ብቻ እየዘለልኋት ኖሬያለሁ። ሚስቴም አታውቅም። የምታነበው ሰው፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ፤ እንደ ወደድህ ፍረድብኝ።

ከለውጡ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ወረታ ላይ የሸማቾችን አቤቱታ የምቀበል ሠራተኛ ነበርሁ። እንጀራዬ ይኸው ነበር። አንድ ቀን ከቁሐር ሚካኤል አንድ ቄስ የመሰናዶ ተማሪ ልጃቸውን ይታይሽን አስከትለው መጡ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ሽንኩርት ተክለዋል፤ ውሃ የሚስቡበትን ሞተር በኢንተርኔት ፈልጋ ያዘዘችላቸው እሷ ናት። ማስታወቂያው «አዲስ፣ ከነካርቶኑ» ይላል። የመጣላቸው ግን ቀለም የተቀባ አሮጌ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለ። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ እየጠወለገ ነው።

ይታይሽ ማስታወቂያውን ከስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። የሻጩን ቁጥር ሳይ ክው አልሁ። አበልጄ ነው! ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው። እሱን ከስሼ በየማኅበሩ በምን ዓይኔ ላየው?

ሕጉን አውቀው ነበር እኮ። አዲስ ነው ብሎ አሮጌ የሸጠ ዕቃውን መልሶ ይወስዳል፣ ገንዘቡን ይመልሳል፤ በሱቅም ይሁን በስልክ ያው ነው። አውቀው ነበር! እያወቅሁ ዋሸሁ። «አባ፣ በስልክ አይቶ የገዛን ሰው ሕግ አያውቀውም። ጥፋቱ የልጅዎ ነው» አልኋቸው። ሕግ የለም ማለቱ አይበቃኝም ነበር? ልጅቱን ምን አድርጋኝ ነው የጨመርኋት? ቶሎ እንዲሄዱልኝ ነዋ!

ቄሱ ወደ ልጃቸው ዞረው «ሰማሽ?» አሏት። እሷ ስልኳን ዘግታ ተከትላቸው ወጣች። ሽንኩርቱ ደረቀ። እሳቸውም «መማርሽ ቤቴን አፈረሰው» ብለው ከትምህርት አስቀሯት። ይህን ሰማሁ፤ ሰምቼም ዝም አልሁ። አበልጄስ ነጋዴ ነው፣ ለትርፉ ዋሸ፤ እኔ ምን ልባል?

ዓመታት አለፉ፤ ቄሱም አረፉ። ከተዝካራቸው በኋላ ይታይሽ ብቻዋን ቢሮዬ መጣች። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች።

«ጋሼ፣ አባቴ እንደተቀየመኝ ሞተ። ለአንድ ነገር ነው የመጣሁ። ያኔ ሕግ የለም ያሉን እውነትዎን ነው?»

ያን ጊዜ ከአበልጄ ጋር ተጣልተን ነበር፤ እሱም ከተማውን ለቆ ሄዷል። የማፍረው ሰው አልነበረም፣ የምፈራው አልነበረም። አንድ ቃል ብናገር ያን ሁሉ ሸክም ከላይዋ ባወረድሁላት ነበር። ግን እንዴት ብዬ ዋሽቼሽ ነበር ልበላት? ለራሴ ሳሳሁ።

«እውነቴን ነው» አልኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወጣች።

ለመጀመሪያው ውሸት አበልጄን ላሳብብ። ለሁለተኛው ማንን ልጥራ? ማንንም። እኔ ነኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ እኔ ነኝ። ይቅርታ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ አንተን አልለምንህም። ቁሐር ሚካኤል ከወረታ ሩቅ አይደለም። እስከ ዛሬ አልሄድሁም።