ለጠባቂዋም ያላዳላው ትእዛዝ

በአውስትራሊያ፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተምዕራብ፣ ቀይ አሸዋ በከበባት የነባር ሕዝብ መንደር፣ የመንደሩ ፎቶግራፍና ድምፅ የሚቀመጥበት ምስል ቤት ጠባቂ ሬይሊን ትባላለች። የታላቅ እህቷን ስም ግን እኛም አንጠራውም፤ ሐዘኑ ገና አልወጣምና። በዚያ ሕዝብ ዘንድ ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ ይበቃል እስኪል ድረስ፣ ስሙ ከአንደበት ፊቱም ከዓይን ይሰወራል።

ቀድሞ ምስሎቹን በእጅ ይሸፍኗቸው ነበር። አንዲት ፎቶግራፍ ተረስታ፣ አንዲት እናት የሟች ልጇን ፊት ድንገት አይታ ከወደቀች ወዲህ፣ ሬይሊን በኮምፒውተሩ የመረጃ ቋት ውስጥ ባለሙያዎች ትሪገር የሚሉትን አኖረች፦ የሞት ቀን በተመዘገበ ጊዜ፣ ሟቹ ያለበትን ምስልና ድምፅ ሁሉ ማንም ሳይነካው የሚከድን ትእዛዝ። ለማንም እንዳያዳላ አድርጋ ጻፈችው፤ ለጠባቂዋም ቢሆን።

አሁን ፀጉሯን ለሐዘን ተላጭታ ከእህቷ መዝገብ ፊት ተቀምጣለች። የሞት ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። አክስቷ ሚርትል ጀርባዋን ሰጥታ ከደጅ ናት፤ ያ ፊት ሳይከደን አትገባም።

“ከደንሽው?”

“ገና ነኝ፣ አክስቴ።”

“ትናንትም ገና፣ ዛሬም ገና! የታመመው ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?”

“ማሽኑስ ደህና ነው።”

“ልጆቿ እኮ መንገድ ላይ ናቸው። የእናታቸውን ፊት እዚህ ሊያዩት ነው?”

“አንዴ ብቻ ድምጿን ልስማ።”

“አዬ አንቺ! በሕይወት ሳለች ‘ዝም በይ፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው’ ስትያት አልነበር?”

ሬይሊን ሳቀች፤ ሳቁም እንባ ሆነ። ድምፁን ሳትከፍት ቀኑን ጻፈች። ትእዛዙም እንደ ታዘዘው አደረገ፤ በኮምፒውተሩ ላይ እህቷ ያለችባቸው ምስሎች ሁሉ ጠቆሩ።

ብቸኝነቱ ሲከብዳት፣ የራሴን ልጅነት እንኳ ልይ ብላ የራሷን ስም ጻፈች። በእህቷ ጀርባ የታዘለችበት የለም። በደረቁ ወንዝ ውስጥ እጅ ለእጅ የተያያዙበትም የለም። ከእህቷ ተለይታ የተነሣችው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር፤ ለሥራ መታወቂያ የተነሣችው።

“አለቀ?”

“አለቀ፣ አክስቴ። ግቢ።”

አሮጊቷ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ዓይኗንም አጥብባ አየች።

“ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?”

“እኔ ነኝ።”

“አላወቅሁሽም፣ ልጄ። ያለ እሷ አይቼሽ አላውቅማ።”

ከደጅ መኪና ቆመ። ሬይሊን ያችን አንዲት ፎቶግራፍ እንደ ተከፈተች ተወቻት፤ ማንንም አታሳዝንምና። ፊቷንም አብሳ የእህቷን ልጆች ልትቀበል ወጣች።