የድሬ ውሃ በኮምፒውተሬ ውስጥ

ይህ የሆነው አምና ሐምሌ ላይ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ፊቴ ቅልት ይላል። የማይረሳኝ ግን ስላፈርኩ ብቻ አይደለም።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ አሁን የምኖረው ጅቡቲ ከተማ ነው። ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሠርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁ። የዚህ አገር ሐምሌ ዝናብ የለውም፤ የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ያቃጥላል። ኮምፒውተሬ ከባድ ሥራ ሲበዛበት ይግልና ድርግም ይላል። በመጨረሻ መረረኝና በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር በራሴ እጅ ልሠራ ተነሳሁ። የሰማ ሁሉ "ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ላይ? ጤና የለሽም እንዴ?" አለኝ።

ፓምፑንና ፕሮሰሰሩ ላይ የሚገጠመውን፣ ውሃው በውስጡ የሚያልፍበትን የመዳብ ብሎክ ከዱባይ አስመጣሁ። ራዲያተሩን ግን እዚሁ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘሁት፤ የመኪና ማሞቂያ ራዲያተር ነው። ጅቡቲ ውስጥ ማሞቂያ የሚከፍት ሹፌር የት አለ? መኪናው ቢያረጅም ማሞቂያው እንደ አዲስ ነው። የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን በመጋዝ ቆርጬ ገጠምኩት። ይህን በማሰቤ ለራሴ ያለኝ ግምት ሰማይ ነካ።

የቀረው ውሃው ነበር። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው ይላል። ስለዚህ እናቴ በባቡር ቆሎ ስትልክልኝ አንድ ጀሪካን የድሬ ውሃ እንድትጨምርበት ነገርኳት። "ልጄ፣ እዚያ ውሃ ጠፋ እንዴ?" ብላ ደንግጣ ነበር። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኩ። ውሃው እየተነነ ሲጎድል ከጀሪካኑ እየሞላሁ፣ ወራት ያለ ችግር ሠራሁበት። ለጎረቤት ሁሉ "የአገሬ ውሃ ነው" እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር።

ጋሽ ተክሌ በአዲስ አበባና ጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። እዚህ የምትሠራው ልጃቸው ሄለን ስታገባ ሠርጉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ሄለንን ያሳደጓት አያቷ፣ የጋሽ ተክሌ እናት፣ አዳማ ነው ያሉት። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ሊመጡ አልቻሉም።

"ሐኪሙ ዓይኗ ብዙም አይቆይም ብሏል" አሉኝ ጋሽ ተክሌ። "የቀረቻትን ብርሃን ለሄለን ሠርግ ነው ያስቀመጠቻት። በዚህ ጉዞ ካልወሰድኩላት..." አልጨረሱትም።

መኪናቸው ተጭኖ፣ ወረቀቱ አልቆ፣ የከባድ መኪኖች ማቆሚያው ፒኬ 12 ቆሟል። ዐሥር ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ አለባቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጡና ያቀናበርኩትን አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አዩት።

"ቆንጆ ነው፤ እጅሽ ይባረክ" አሉ። "ግን ፊቷ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። እናቴ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አታይም።"

እውነታቸውን ነው። ፋሽን ነው ብዬ ሁሉንም ቆራርጬው ነበር። እንደገና ቁጭ አልኩና የሄለንን ፊት በቅርበት፣ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ አድርጌ ሠራሁት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩ። አሁን የቀረው ማሽኑ ያቀናበርኩትን ሁሉ አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣው ማዘዝ ብቻ ነው። አዘዝኩት። ሲሶው ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ደገምኩ፤ ጠፋ። ሦስተኛም ሞከርኩ፤ ጠፋ።

ጋሽ ተክሌ ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠግተው "ውሃው በደንብ አይዞርም እኮ" አሉ።

እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ይቀናናል። ያን ዕለት ደግሞ ሙቀቱም ንዴቱም ነበረብኝ። "ይሄ ኮምፒውተር ነው፣ ተሳቢ አይደለም፤ አርፈህ ተቀመጥ" አልኳቸው። አባቴን የሚያህሉ ሰው። ሄደው ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ የጨመርሽበት ምን ውሃ ነው?" አሉ።

"የድሬ ውሃ ነዋ!" አልኩ፤ አሁንም ጉራዬ አልለቀቀኝም።

"እናትሽ ቤት ማንቆርቆሪያው ውስጡ ምን ይመስላል?"

ክው አልኩ። የእናቴ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው። የድሬ ውሃ ሲፈላ እንዲህ ያደርጋል፤ በሎሚ ስትፈገፍገው እያየሁ ነው ያደግኩት። ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ አገሬን አገሬን ስል ረሳሁት።

"በድሬ በኩል ስመላለስ ራዲያተሬን የበላው እሱ ነው" አሉ ጋሽ ተክሌ።

ብሎኩን ፈታነው። ቀጫጭኖቹ የመዳብ መስመሮች በነጭ ነገር ተደፍነዋል። ከጥጉ ሱቅ ኮምጣጤ ገዝቼ መጣሁና ዘፈዘፍነው፤ እሳቸው በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋሉ፣ እኔ ቱቦውን አጥባለሁ። ከዚያ ወጣ ብለው ሁለት ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ይዘው ተመለሱ። ምንም የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው፤ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ። ፓምፕ ከዱባይ፣ ውሃ ከድሬ ሳስመጣ የሚያስፈልገኝ ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ተደርድሮ ነበር።

ሞልተን፣ ሳጥኑን ወዲያና ወዲህ እያዘነበልን አየሩን አስወጣን። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራውን አዘዝኩት። ሁለታችንም ቁጥሩ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። ሲሶውን አለፈ። ግማሹን አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ፊልሙ ወጣ።

ፊልሙን የገለበጥኩበትን ፍላሽ ደረት ኪሳቸው ከተው የኪሱን ቁልፍ ቆለፉ። "ጋሼ፣ ቅድም ስለተናገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ማሽኑ ብቻ መሰለሽ የጋለው?" ብለው ሳቁና ታክሲ ለመያዝ ሮጡ።

በአራተኛው ቀን ከአዳማ ደወሉ። "እናትዎ አዩት?" አልኩ፤ ሰላምታም አላስቀደምኩም።

"ቴሌቪዥኑን በአፍንጫዋ ልትነካው ምንም አልቀራት" አሉ። "የሄለን ፊት ረጅም የሚቆይበት ጋ ስትደርስ ምን አለች መሰለሽ? 'ይቺ ልጅ ጠቁራለች፤ ያ ሁሉ ቅባት እንኳ አልሸፈነላትም።'"

ስልኩን ይዤ ሳቅኩ፤ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ጠቁራለች ካሉማ አይተዋል።

መስከረም ላይ የሄለን አያት ዓይን ጨርሶ ጠፋ። እሷ ናት የነገረችኝ።

ኮምፒውተሬ እስከ ዛሬ በባትሪ ውሃ ይሠራል። ከጀሪካኑ የተረፈውን የድሬ ውሃ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁት፤ የእኔም ማንቆርቆሪያ ነጭ ሆነ። ሳየው ጋሽ ተክሌን አርፈህ ተቀመጥ ያልኩበት አፌ ያሳፍረኛል። ሰው ሠርጉን እንዳቀናብርለት ሲመጣ ደግሞ ምን ዘፈን ይግባ፣ ምን ዓይነት ፊደል ይጻፍ ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደሚያየው ነው።