ቢጫው ደረት

ጠዋት የክሊኒኩን በር ከመክፈቴ ጋሽ በየነ ገፍተውኝ ገቡና ባዶ የመድኃኒት ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩ።

«ይኸው ጨረስኩት። ሳሌ ግን ያው ነው። ምንድነው የሰጠኸኝ አንተ?»

ዘመኑ ደርግ ነው... ነፋስ ስልክ አንድ የጥጥ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማጥብ፣ መድኃኒት የምሰጥ ድሬሰር ነበርኩ። ጋሽ በየነ መፍተያ ክፍል ስንት ዓመት ብናኝ ሲስቡ የኖሩ፣ ሳላቸው ከማሽኑ በላይ የሚሰማ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አረንጓዴ አክታ የሚተፉ ሰው ናቸው። እውነቱን ልናገር... አልወዳቸውም ነበር። እሳቸውም አይወዱኝም።

«ቴትራሳይክሊን ነዋ። ለሌላው ሠርቶ ለእርስዎ ብቻ ነው እምቢ ያለው?» አልኳቸው።

«ደህና ደህናውን ለዘመዶችህ፣ ገለባውን ለሠራተኛው! ይሄ አሻጥር ነው። ዛሬ ስብሰባ ላይ እንተያያለን።»

በዚያ ጊዜ ስሙ ከአሻጥር ጋር የተነሳ ሰው ማታ ቤቱ ስለመግባቱ እርግጠኛ አልነበረም።

ያሉትንም አደረጉት። ከሰዓት በውይይት ክበቡ ላይ ከሰሱኝ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አንስቶ «ጓድ ድሬሰር፣ ምን ትላለህ?» ከማለቱ ጋሽ በየነ ብድግ ብለው ሸሚዛቸውን ፈቱት።

«እሱን ምን ትጠይቁታላችሁ? የኔን ደረት እዩ እንጂ።»

ደረታቸው ከአንገት እስከ እምብርት ቢጫ ነው። አዳራሹ ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

«ጋሽ በየነ... መድኃኒቱን ምን አደረጉት?»

«ካፕሱሉን እየከፈትኩ፣ ቢጫ ዱቄቱን በለጋ ቅቤ ለውሼ ታሸሁበት ነዋ። ቅቤውንም ላፍቶ ድረስ ሄጄ ከገበሬ ነው የገዛሁት። የታመመው ደረቴ፣ ሆዴ ምን ሆነና ነው የምውጠው? በዚያ በኩል ደረት አይደርስም።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ያውም ክፋት ያለበት ሳቅ። እሳቸው ግን ስቄ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እግሬን ብረት የቆረጠኝ ጊዜ ካፕሱሉን ከፍተህ ቁስሉ ላይ የነሰነስክልኝ አንተው አይደለህም? ያን ጊዜ ዋጥ አልከኝ?»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለካ አስተማሪያቸው እኔው ነኝ...

ሊቀመንበሩ ፈረደ። ጋሽ በየነ በቀን አራት ጊዜ እፊቴ እንዲውጡ፣ በሳምንት ካልተሻላቸው ጉዳዬ ወደ በላይ እንዲሄድ።

ሳምንቱን ተፋጠን ከረምን። እሳቸው እያጉረመረሙ ይውጣሉ፣ እኔ አፋቸውን አስከፍቼ ከምላሳቸው ሥር አያለሁ። አክታቸው ትንሽ ቀጠነ፣ ሳሉ ግን ወይ ፍንክች። ስድስተኛው ቀን ላይ ጨነቀኝና ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

እሳቸው ውጭ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ ሐኪሙ ራጃቸውን አሳየኝ። «ሕመሙ የቆየ ነው። የአየር ቧንቧዎቹ ጠባሳ ሆነዋል፣ አክታም ደፍኗቸዋል። መድኃኒቱ በደም ይዞራል እንጂ መግሉ ያለበት ድረስ የሚገባው ጥቂት ነው። የአንተ ጥፋት አይደለም» አለኝ። ይህንኑ በወረቀት ጻፈልኝ።

ነፍሴ መለስ አለች። አውቶቡስ ውስጥ ወረቀቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፣ እንዲያፍሩ።

በመስኮት ውጭ ውጭውን እያዩ ሰሙኝና... «እኔስ ምን አልኩህ?» አሉ። «በሆድ በኩል አይደርስም አላልኩህም?»

ያቺ ወረቀት እኔን አዳነችኝ... የፈረደችው ግን ለእሳቸው ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።