አትሳቅ ፓስፖርት ሲያሳድስ

ከፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ በር ወጥቶ ወደ ቀኝ የዞረ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ዓይኑ አትሳቅ ፎቶ ቤት ላይ ያርፋል። ባለቤቱ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን ከረሳው ቆይቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራው ፊት የተቀመጠውን ሁሉ «አትሳቅ!» ሲል ስለኖረ፣ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ሴቶችን «አትሳቂ» ይላል፤ ሽማግሌዎችን «አይሳቁ»። ሕፃናትን ምንም አይልም፤ እሱን ሲያዩ ራሳቸው ያለቅሳሉ።

ፎቶ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፣ ከጨርቁ ፊት መደገፊያ የሌለው ወንበር አለ፣ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ኮቱ የደንበኞች ነው። ቀጭን ሰው ሲለብሰው ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ ወፍራም ሰው ሲለብሰው ደግሞ የጀርባው ስፌት ቀድሞ ስለተተረተረ ችግር የለም። ፎቶው ላይ የሚታየው ደረት ብቻ ነው፤ የጀርባው ጉዳይ በለባሹና በፈጣሪው መካከል ይቀራል። ከሰፈራችን ተነስቶ ውጭ አገር የገባ ሰው ሁሉ በዚያ በአንድ ኮት ነው የገባው። እኔም ተነስቼበታለሁ። በየአየር ማረፊያው ፓስፖርት የሚያዩ ሰዎች «እነዚህ ሁሉ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው እንዴ?» ሳይባባሉ አይቀሩም።

ከወንበሩ በላይ በራሱ እጅ የጻፈው ማስታወቂያ አለ፤ «ፎቶዎ ከመስኮት ቢመለስ ኃላፊነቱ የፊትዎ ነው።» ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ፎቶው ከፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ መስኮት የተመለሰበት ሰው ተናዶ ሲመጣ ግን አትሳቅ ፎቶውን ተቀብሎ ብርሃን ላይ ያየውና «ፎቶው ምንም አልሆነም። ምናልባት አንተ ነህ» ይለዋል።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ደግነቱ ነው ሰውን የሚጎዳው። ሳይጠየቅ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የደንበኛውን ብጉር ያጠፋል፣ የዓይን ሥር እብጠት ያስተኛል፣ መላጣ ላይ ጥቂት ጸጉር ይዘራል። «ለዚህ አላስከፍልም» ይላል፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ። ደንበኛው አምሮበት ይሄዳል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ይሄ ማነው?» ይባላል። አትሳቅ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኝቷቸው አያውቅም። ሥራ ይበዛበታል።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቷ ሴት ናት፤ አትሳቅ በስሟ ጠርቷት ስለማያውቅ «የማዶዋ» ነው የምትባለው። ከከፈተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም ብሏት አያውቅም። ደንበኞቹን ግን ስለ እሷ አስጠንቅቋል፤ «እዚያ ከሄድክ ጥላህም አብሮህ ይነሳል።»

እንዲህ ተከብሮ ሲኖር አንድ ቀን የእህቱ ልጅ ከውጭ አገር ደወለ።

«አጎቴ፣ የእማዬ ዓይን ብሶበታል። ሐኪሙ ሦስት ወር ቢቆይላት ነው ብሏል። ከዚያ በኋላ መብራት መብራቱን እንጂ ፊት አትለይም።»

እህቱን «እታለም» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ አሥራ ሦስት። ትምህርቷን ትታ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ስልኩን ከልጇ ነጠቀች።

«ና» አለችው።

«እታለም፣ በቪዲዮ እንተያይ የለ?»

«በቪዲዮማ ፊትህ የታጠበ ሸሚዝ ነው የሚመስለው። ና አልኩህ። አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ልይህ፣ ከዚያ የፈለገ ይጥፋ።»

ልጁ ስልኩን መልሶ ተቀበለ። «ቪዛውንም ትኬቱንም እኔ እጨርሳለሁ። አጎቴ፣ አንተ ፓስፖርቱን ብቻ አሳድስ።»

አትሳቅ ስለ እህቱ እያዘነም እንኳን በዚህ ሳቀ። ፓስፖርት! ሰው በሩ ላይ እየኖረ! አሮጌው ፓስፖርት ከመሳቢያ ወጣ። አሥር ዓመት ሙሉ ከመሳቢያ ወደ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ወደ መሳቢያ ተጉዟል፤ ሌላ ጉዞ አላደረገም። እዚያ ላይ ያለውን ፎቶ ያነሱት ሙያውን ያስተማሩት ሰውዬ ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። እንግዲህ አትሳቅን ማን ያንሳው? ሚስቱ ሞክራ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ቆርጣ አስቀረች። ስለ ማዶዋ ማንም ሰው ትንፍሽ ለማለት አልደፈረም።

ራሱን በራሱ አነሳ። ካሜራው ከአሥር ሴኮንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሳ ሞልቶ ወደ ወንበሩ ይሮጣል። መጀመሪያ ጀርባው ተነሳ። ቀጥሎ ጎንበስ እንዳለ። ቀጥሎ ባዶ ወንበር፣ እሱ ወለሉ ላይ ስለነበረ። በአሥራ ሁለተኛው ኮቱን ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ፣ እያለከለከ ተነሳ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲያየው ፊቱ በላብ ያብረቀርቃል። ላቡን አጠፋ። እጁ ከገባ አይቀር የዓይኑን ሥር አስተኛ፣ ግንባሩን ተኮሰ፣ ቀኝ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለውን የልጅነት ጠባሳም ጠረገው። ሲጨርስ ራሱን አይቶ በጣም ተደሰተ። የማያውቀው መልከ መልካም ሰው ነበር።

ቀጠሮው በአራተኛው ሳምንት ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ባለ መነጽር ሠራተኛ አሮጌውን ፓስፖርትና አዲሱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቀና ብላ እሱን አየችው። መልሳ ፎቶውን።

«ጠባሳው የታለ?»

«የቱ ጠባሳ?»

«ቅንድብዎ ላይ ያለው። ይኸው እያየሁት ነው። አሮጌው ላይም አለ። እዚህ ግን የለም።»

«እሱንማ... ትንሽ አስተካክዬው ነው።»

ባለ መነጽሯ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ወደ እሱ ገፋችው። «ኮቱን አውቀዋለሁ» አለች፤ «በቀን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። ሰውየውን ግን አላወቅኩትም። የሚቀጥለው!»

ከተሰለፉት መካከል ባለፈው ወር ፎቶው የተመለሰበት አንድ ሹፌር ነበር። እንዲህ ያለ ቀን በሕይወት አንዴ ነው የሚገኘው።

«አይዞዎት ጋሼ!» አለ ጮክ ብሎ፤ «ኃላፊነቱ የፊትዎ ነው!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አትሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሳቁ ሳይል ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚውል አዲስ ቀጠሮ ተሰጠው። ማታ ማታ የእህቱ ልጅ ይደውላል፤ «እማዬ ዛሬ ስኒውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ አስቀመጠችው» ይላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ «ዛሬ እኔን በድምፄ ነው የለየችኝ።» አትሳቅ «እሺ» ይላል።

በዚህኛው ጊዜ አላስተካክልም ብሎ ማለ። መሮጥም ሰለቸው። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ የናቀውን ነገር አደረገ፤ የሚስቱን ስልክ ማቆሚያው ላይ ሰክቶ፣ ፊቱን ስልኩ ላይ እያየ ራሱን አነሳ። እንደ መስታወት ምቹ ነው። ጠባሳው አለ፣ የዓይን ሥር እብጠቱ አለ፣ ድካሙ አለ። ምንም ሳይነካ አተመውና «ይኸው እውነቱ!» ብሎ ይዞ ሄደ።

ባለ መነጽሯ አየችው። አሮጌውን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች።

«ባለፈው ጠባሳው ጠፍቶ ነበር» አለች። «ዛሬ ተገኝቷል፤ ተመስገን ነው። ግን በግራ በኩል ነው።»

«ምን?»

«የእርስዎ በቀኝ ነው። ፎቶው ላይ በግራ። በሚቀጥለው አገጭዎ ላይ ልጠብቀው?»

አትሳቅ ቀኝ ቅንድቡን ዳሰሰ፤ ለጥንቃቄ ግራውንም። ስልኩ እንደ መስታወት ያሳየውን እንዳለ ገልብጦ አስቀርቶታል። ይህንን ሰፈር ውስጥ ያለ ማንኛውም የአሥር ዓመት ልጅ ያውቀዋል። የሃያ ሁለት ዓመት ባለሙያ ግን ስልክ ስለሚንቅ አያውቅም።

ያን ቀን አልተቆጣም። እጁን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አደረገ።

«የኔ እመቤት፣ እህቴ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳታየኝ እንዳይጨልምባት ብዬ ነው። የቀረኝ አምስት ሳምንት ነው።»

ባለ መነጽሯ የቀጠሮ ዝርዝሯን አገላበጠች።

«ጋሼ፣ ይሄን ብቀበልዎት ከላይ ይመልሱታል፤ ያኔ ወር ሙሉ ይሄዳል። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰው ቀጠሮውን ሰርዟል፤ እሱን ልስጥዎት። የራስዎን ፊት ይዘው ይምጡ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የማዶዋ ያነሳችው ፎቶ ተመልሶብኝ አያውቅም።»

ከሁለቱ ጊዜ ውድቀት ይልቅ ይህች የመጨረሻዋ ቃል ነች የጎዳችው።

መንገዱ ሰፊ አይደለም፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አትሳቅ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሊሻገረው ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ኮቱን ለብሷል።

የማዶዋ ከወንበሯ ተነሳች። አልገረማትም፣ ወይም አስመሰለች።

«ይግቡ ጋሼ። ኮቱን ግን ያውልቁት።»

«ለምን? ለሰው ሁሉ የሚሆን ኮት ነው።»

«ለዚያ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዎች ለብሰውት አይቻለሁ። የራስዎ ሸሚዝ ይበቃል። ይቀመጡ። አይሳቁ።»

አትሳቅ ደሙ ፈላ። «ለኔ ነው የምትዪው?»

«ለሰው ሁሉ ነው የምለው። ከማን ተማርኩት መሰለዎት? ሰዉ ያንን ቃል ሳይሰማ ፎቶ የተነሳ አይመስለውም።» መብራቷን አስተካከለች። ካሜራው ውስጥ አየችና ቀና አለች። «ፊትዎን ጨብጠውታል። እስቲ ይልቀቁት። ቅንድብዎን ምን አገኘው?»

መናገር አልፈለገም ነበር። ግን መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን አቅም አለው? ደንበኞቹን ሁሉ ለምን እንደዚያ እንደሚያስቀምጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው።

«እህቴ ናት» አለ። «አዝላኝ ዝናብ ስትሸሽ አዳልጧት ወደቀች። እኔን የደረጃው ጠርዝ አገኘኝ። እሷ ጉልበቷ ተሰብሮ፣ ስለ ጉልበቷ ሳይሆን ስለኔ ቅንድብ ሦስት ቀን አለቀሰች። እስከ ዛሬ ስታየኝ መጀመሪያ እጇን የምታሳርፈው እዚህ ላይ ነው።»

ጸጥ ሲል ካሜራው ጠቅ አለ። አንዴ ብቻ።

«ጨረስን» አለች። አትማ ሰጠችው። «ጥላውን ይፈልጉት እስቲ።»

ብርሃን ላይ ይዞ ፈለገ። ከልቡ ፈለገ። አላገኘም። አንድ ያረጀ፣ ዓይኑ ሥር ያበጠ፣ ቀኝ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ብቻ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ባለ መነጽሯ ፎቶውን ለአፍታ አየችና ምንም ሳትል ማኅተሙን አሳረፈችበት። በሁለተኛው ሳምንት ፓስፖርቱ ወጣ፤ የቀረውን የእህቱ ልጅ ቃሉን ጠብቆ ጨረሰ።

ሐኪሙ ከሰጠው ጊዜ ላይ ስምንት ቀን ሲቀር አትሳቅ እህቱ ክፍል ገባ። እታለም መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ አውራ ጣቷን ጠባሳው ላይ አሳርፋ፣ አፍንጫዋ አፍንጫውን ሊነካ እስኪደርስ ቀርባ አየችው። ብዙ ቆየች።

«አርጅተሃል።»

«ብርሃኑ ነው፣ እታለም።»

«ብርሃኑ ምንም አልሆነም። ምናልባት አንተ ነህ።»

ይህንን አባባል የት እንደሚያውቀው ለጊዜው አላስታወሰም። እሷ ቀጠለች። «እስቲ ይሄን ሁሉ ወር ያስለቀሰህን ፓስፖርት አምጣው።» ገልጣ ዓይኗ ሥር ወስዳ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ውይ! እንዴት ጥሩ ፎቶ ነው። ማን አነሳህ?»

«ማን ያነሳኛል? ራሴ ነኛ።»

«ውሸታም» አለች፣ ዓይኗን ከፎቶው ሳታነሳ። «አንተ ብታነሳው ኖሮ ጠባሳዬን ታጠፋው ነበር።»

ዓይኗ እየጠፋ ባለች ሴት ከተያዘ በኋላ አትሳቅ ምን ብሎ ይከራከር?

«ከመንገዱ ማዶ ያለችው ናት» አለ በመጨረሻ።

«እጇ ይባረክ። ስትመለስ ከኔ ሰላም በልልኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ የራሱን ሰላምታ የነፈጋት ሰው አሁን የሰው ሰላምታ አደራ ተሰጠው። እምቢ እንዳይል እታለም ገና እያየችው ነበር።

«እሺ» አለ።