ሁለት ልጆች የለኩት ትምህርት ቤት

ዛሬ በቀበሌ ስብሰባ ላይ የሠራሁትን ጅልነት ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም፤ ከጎረቤት መስማቷ ግን አይቀርም። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚያወጣው መንገድ ባለችው ቀበሌያችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነውና የተሰበሰብነው ቦታው የት ይሁን ለማለት ነበር። ከወረዳ የመጣው የፕላን ባለሙያ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ "አስፋልቱ ዳር" አለ። ልቃወም እጄን አወጣሁ። ዕድል አልሰጠኝም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ አላወርድም ብዬ ክርኔን በከዘራዬ ላይ አስደግፌ ቆየሁ። ከዚያ ምሳ ያልበላ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረግሁ፦ አሸለብኩ። "የምትደግፉ እጅ አውጡ" ሲባል የኔ እጅ እንደ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። በእኛ አገር ሰው ከመወሰኑ በፊት በዕድሜ ትልቁን ያያል። እኔን እያየ እጁን አወጣ። ጭብጨባው ሲቀሰቅሰኝ፣ ነገሩ ሳይገባኝ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

አጠገቤ የነበረው ኦቦ ቶሎሳ፣ ቀበሌያችንን ለሁለት ከሚከፍለው ወንዝ ማዶ የሚኖረው የልጅነት ጓደኛዬ፣ ጎኔን ጎሸመኝ። "አንተ ታደሰ! የልጆቹን ትምህርት ቤት ለመኪና ሰጥተኸው አረፍክ?"

ብድግ ብዬ "እኔ እኮ ተቃዋሚ ነኝ!" ብል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያው ግን አልሳቀም። "አባባ፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ደግሞ ከመንገድ ይታያል፤ እንግዳ ሲመጣ መኪናው በር ድረስ ይገባል።" "ተማሪውስ?" አልኩት። "ተማሪ ይለምደዋል" አለኝ። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ግማሹ በእሱ፣ ግማሹ በገዛ እጄ።

ልጅ እያለሁ እዚህ አካባቢ ትምህርት ቤት የሚባል አልነበረም። ሰዉ አዋጥቶ ሊሠራ ሲነሳ የወዲህና የማዶ ሰው ተጣላ። "እኛ ጋ ይሁን"፣ "የለም እኛ ጋ" ሲባባሉ ለዱላ ደረሱ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ዘየዱ፤ ከየወገኑ ዳርቻ ካለው ቤት አንድ አንድ ትንሽ ልጅ ማልዶ ይነሳና ወደ ሌላው ይሂድ፣ የተገናኙበት ቦታ የትምህርት ቤቱ ቦታ ይሁን ተባለ። አባቶች ከኋላ ይከተላሉ፤ ማቻኮልም ማዘልም ክልክል ነው። ከወዲህ እኔ ተመረጥኩ፤ እግሬ አጭር ስለነበር። እስካሁንም አልረዘመም። ከማዶ የተላከው ይኸው ቶሎሳ ነበር።

ያን ማለዳ እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። እናቴ ኪሴን በገብስ ቆሎ ሞልታልኝ ነበር። የረገጥኩት ጦስኝ ከጤዛው ጋር እየሸተተኝ፣ ወፍ ባየሁ ቁጥር እየቆምኩ፣ ከኋላዬ አባቴ አፉን በጋቢ ይዞ ሳቁን እያፈነ ወንዙ ጋ ደረስኩ። ቶሎሳም ማዶው ላይ ደርሷል። ውሃው አስፈርቶት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔ ምላሴን አወጣሁበት፤ እሱ ጭቃ ወረወረብኝ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

አባቶች ግን አልሳቁም። ቶሎሳ ፈርቶ የቆመበትን ቦታ ሄደው አዩት፤ ውሃውን በዱላ ለኩት። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ውሃ በማይደርስበት፣ በእኛ በኩል ባለው ጉብታ ላይ እንዲሠራ፣ ቦታው የደረሰን እኛ ደግሞ ለማዶ ልጆች ድልድይ እንድንዘረጋና ክረምት በወጣ ቁጥር እንድንጠግን ተስማሙ። ድልድዩ ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተሠራ። እኛ ልጆቹ ጭቃና ጭዱን በእግራችን አቦካን፤ ለእኛ ጨዋታ ነበር። የመጀመሪያውን ፊደል የቆጠርኩት ገና ያልደረቀ ግድግዳ እየሸተተኝ ነው።

ያ ትምህርት ቤት ዛሬም እዚያው ጉብታ ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል። ከጎኑ ሰፊ የቀበሌ መሬት አለ፤ ከብት ይግጥበታል። አዲሱ እዚያ ቢሠራ ምን ነበረበት? ከዚያ እስከ አስፋልቱ ያለው ቁልቁለት ሲሄዱ ጉልበት ይሰብራል፣ ሲመለሱ ልብ ያፈርሳል። የኛ አባቶች በልጅ ድካም ለኩ። የዛሬዎቹ የሚለኩት በእንግዳ መኪና ነው። እኔ ደግሞ፣ ያን ጊዜ በእግሬ የለካሁት ሰውዬ፣ ዛሬ እንቅልፌን እየተኛሁ አጸደቅሁላቸው!

ስወጣ የቶሎሳ የልጅ ልጅ ላሊሴ በር ላይ አያቷን እየጠበቀች ነበር። ዘንድሮ ስምንተኛን ትጨርሳለች። ሁለቱ እህቶቿ ከስምንተኛ አላለፉም፤ አምቦ ቤት የሚከራይላቸው አልነበረም፣ በእግር ተመላልሶ መማርም አልሆነላቸውም። እሷ ግን ነርስ እሆናለሁ ብላ ደብተሯን ከእጇ አትለይም።

"አካኮ፣" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው፣ እኔንም እንደ አያቷ ነው የምትቆጥረኝ፤ "እርስዎ ነዎት አሉ ያጸደቁት?"

"እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው" አልኳት፣ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም።

"እንግዲያው አንድ ጠዋት ከኛ ቤት ተነስተን እስከ አስፋልቱ አብረን እንሂድ። ሄደን እንመለስ። ከዚያ እጅዎን ለፈለጉት ያውጡ።"

እሺ አልኳት። ቶሎሳ "ጉልበትህን ቅቤ ቀባው" ብሎ ሳቀብኝ። ባለሙያው መኪናው ውስጥ ሲገባ ደርሼበት አብሮን እንዲሄድ ለመንኩት፤ "ፕሮግራሜን አያለሁ" ብሎኝ መስታወቱን ዘጋ። እሱ ይምጣም ይቅርም፣ እኔ የላሊሴ የአንድ ጠዋት ዕዳ አለብኝ።