የነዒማ ኮሌታ

ነዒማ አብዱልወዱድ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች፤ ግን አንድም ሸሚዝ ሰፍታ አታውቅም ነበር። ይህን ስላችሁ ልጅቷን ዋሾ እንዳትሉብኝ። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በረጅሙ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች መካከል የነዒማ መኪና የሚያውቀው ኮሌታ ብቻ ነበር። ኮሌታዋን ሰፍታ ወደ ጎን ትገፋለች፤ አጠገቧ ያለችው ትቀበላለች፤ ሸሚዙ አዳራሹ ጫፍ ደርሶ ሲታጠፍ ነዒማ ሌላ ኮሌታ ላይ አቀርቅራለች።

ወሎ፣ ሐይቅ ያለው አባቷ ይህን ያውቃል። በደወለ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ ኮሌታው እንዴት ነው ይላታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ነዒማን ትንሽ ቅር ይላት ነበር። አንድ ቀን እኔ ነኝ የሰፋሁት ብላ ሙሉ ሸሚዝ ብታለብሰው ከዚያ በላይ ምኞት አልነበራትም።

ከፋብሪካው የወጣችው ተጣልታ አይደለም። አብራት የምትኖረው አክስቷ ጣይባ ዓይደር ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትመለስ፣ ቀን ቀን ብቅ እያለ የሚያያት ሰው አስፈለጋት፤ ፋብሪካው ደግሞ ሩቅ ነው። በዚያው ሰሞን ሰፈራቸው ያለው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ።

የማኅበሩ አባላት ጥቂት አንጋፋ ሰፊዎች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ጨርቅ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ ቁልፉን ተክሎ ያስረክባል። ሥራቸው እንከን አይወጣለትም፤ ችኮላ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ታዲያ በዚያ ክረምት አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ሸሚዝ በሙሉ ለመስከረም አዘዛቸው። እየተሳሳቁ ተቀበሉና ማታ ቤታቸው ገብተው ሲያስቡት ላብ አጠመቃቸው። ሊቀመንበሩ ኣቦይ ገብረዝጊ አባላቱን ሰብስበው፣ እንዲህ ያለውን ብዛት የሚችለው ፋብሪካ ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካውን ዘዴ የሚያውቅ ሰው እናምጣ አሉ።

ነዒማ ስትመጣ ፋብሪካ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር አሏት። ሸሚዝ አለች። ከዚያ በላይ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልጨመረችም። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ደህናውን መኪና ለቀቁላት። እንግዲህ ማኅበር ማለት እንዲህ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ዕውቀቱን እንደ ሙሉ ሻንጣ አንጠልጥሎ የሚገባ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ከበቧት። ነዒማ ኮሌታ ሰፋች። እጇ ከመፍጠኑ የተነሣ ዓይን አይከተለውም። ኮሌታው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ከሰፊዎቹ አንዷ ኣደይ ኣስካል መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው አዩት፤ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጥ ብሏል። ቀጥይ አሏት። ሌላ ኮሌታ ሰፋች። አሁንም ቀጥይ አሏት፤ ደገመች። ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው በኮሌታ ተሞልቶ ሸሚዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ኣደይ ኣስካል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እጅጌው መቼ እንደሚመጣ ጠየቋት።

ነዒማ እጇን ከመኪናው ላይ አነሣች። "ኣደይ፣ እኔ የማውቀው ኮሌታ ብቻ ነው" አለች።

ከሰፊዎቹ መካከል ነገር የማያልፈው ተስፋልደት፣ ተማሪዎቹ እንግዲህ አንገታቸው ላይ ኮሌታ አስረው ይማሯ አለ። ኣቦይ ገብረዝጊ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ነዒማ ያን ለት ያፈረችውን ያህል በሕይወቷ አፍራ አታውቅም።

በማግስቱ ሂጂ ሳይሏት ራሷ ልትሰናበት ገባች። ኣቦይ ገብረዝጊ ቀድመዋት ቁጭ ብለው ነበር። ከኮሌታዎቹ አንዱን በእጃቸው እያገላበጡ ያልጠበቀችውን ጠየቋት።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ፋብሪካ ውስጥ አጠገብሽ የምትቀመጠው ማን ናት?"

"ሉላ ናት። ኮሌታውን ከሸሚዙ ጋር የምትገጥመው እሷ ናት።"

"ከሷስ ቀጥሎ?"

"ረምላ። እሷ ደግሞ እጅጌ።"

"በይ እሑድ ምሳ እዚህ ነው በያቸው" አሉ። "ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ አንቺም የትም አትሄጂም።"

እሑድ ሉላና ረምላ መጡ፤ ኪስ የምትሰፋዋንና ቁልፍ የምትተክለውንም ጎትተው አመጡ። ልጆቹ በፋብሪካው ተራቸው ተቀምጠው ሸሚዙን ከአንዷ ወደ ሌላዋ አሳለፉት። ጫፍ ላይ ሲደርስ ተነሥተው ከበቡት። ከመካከላቸው ሸሚዝ ከጨርቅነቱ ጀምሮ እስኪያልቅ አይታ የምታውቅ አንድም አልነበረችም። ረምላ እጅጌዬ እዚህ ነው የሚገባው እያለች ሳቀች። ሰፊዎቹ በበኩላቸው ወንበራቸውን እየሳቡ፣ ክር ሳይቆርጡ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገርን፣ ጨርቁን አስቀድሞ በዓይነቱ መደርደርን ከልጆቹ እጅ ለቀሙ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ ግን አልልም። ሰኞ ዕለት ሰፊዎቹ ሥራውን እንደ ፋብሪካው ሲከፋፈሉ ተስፋልደት እጅጌ ደረሰውና መቀሱን አስቀመጠ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሳለብስ ኖሬ በስተርጅና እጅጌ ሰፊ ልባል ነው ብሎ አኮረፈ። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አኮርፋለሁ። ሲጨቃጨቁ ዋሉና፣ ጠዋት የተማሪዎቹ ሸሚዝ በተራ እንዲሰፋ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ሙሉ ልብሱ እንዲመለስ ተስማሙ። ፋብሪካው እንዲህ አይሠራም። ማኅበሩ ግን የፋብሪካውን ዘዴ በራሱ ልክ ቆርጦ ለበሰው፤ ሸሚዞቹም ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ደረሱ።

ከሰዓት በኋላውን ነዒማ ኣደይ ኣስካል አጠገብ ተቀመጠች። አለካክ ተማረች፤ ቆርጣ አበላሸች፤ ደግማ ቆረጠች። አባቷ እህቱን ጣይባን ሊጠይቅ ይመጣል ሲባል ነጭ ጨርቅ ገዝታ ማንም እንዳይነካባት ለመነች። ተስፋልደት እንኳ አፉን ያዘ።

አብዱልወዱድ በመጣ በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሸሚዙን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና ኮሌታውን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ እንደ ልማዱ ቀለደ።

"ይቺ የኔ ልጅ ሥራ ናት። ሌላውስ የማን ነው?"

"ሁሉም የኔ ነው፣ አባ።"

አባቷ ሳቁን አቆመ። ኪሱን አየ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ ጎንና ጎኑን ዞሮ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሊደብቀው አልሞከረም። ነዒማ ግን የምታየው ግራ እጅጌውን ነበር፤ ከቀኙ ረዝሟል። አውልቀውና ፈትቼ ላስተካክለው አለችው። እምቢ አላት።

ለጁምዓ ሲወጣ እጅጌዎቹን ወደ ላይ ጠቅልሎ ነበር። መስጊዱ ደጅ ሲደርስ ግን ሁለቱንም ወደ ታች ለቀቃቸው። እጅጌህ ረዝሟል የሚለው ሰው ከተገኘ፣ ልጄ ናት የሰፋችው ብሎ ለመመለስ እንዲመቸው ነው።